ሁሉም ንጉስ የሆነበት ህብረት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ራሳቸውን አገር ስላሉ ጥቃቅን "መንግስታት" ያወጣችሁትን አነበብኩት። ሰውየው ጓሮው ላይ ባንዲራ ሰቅሎ ንጉስ ነኝ አለ ብላችሁ ስትስቁ ቆይታችሁ መጨረሻ ላይ ህብረት ፈጥረው የፈረሱት አለም እውቅና ስለነፈጋቸው ነው ትላላችሁ። እዚህ ጋ አልተስማማንም።

አውስትራሊያ ያለውን ሃት ሪቨርን እዩት። ሊዮናርድ ኬስሊ የሚባል ገበሬ መንግስት በጣለበት የስንዴ ኮታ ተናዶ እ.ኤ.አ. በ1970 ተገንጥያለሁ አለ፣ 75 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን እርሻ ይዞ፣ ጭራሽ በ1977 አውስትራሊያ ላይ ጦርነት አውጆ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ጦርነቱ አብቅቷል ብሎ አሳወቀ (አንድ ጥይት ሳይተኮስ!)። ማንም እውቅና አልሰጠውም፣ ግን 50 አመት ቆየ እኮ። ስንዴ ነበረው፣ ቱሪስት ይመጣለት ነበር፣ ቤተሰቡም አብሮት ነበር። ያፈረሰው የታክስ ጉዳይ ነው፣ ወደ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እዳ ተፈርዶባቸው በዛ ላይ ኮሮና መጥቶ ቱሪስቱ ቀረና በ2020 ልጁ ዘጋው።

ሲላንድም ያው ነው፣ እንግሊዝ ጠረፍ ባህር ላይ የቆመ የጦርነት ጊዜ ምሽግ፣ ከ1967 ጀምሮ የቤትስ ቤተሰብ ይዞታል፣ በ1978 የራሳቸው ሸሪክ የነበረ ጀርመናዊ፣ ሰዎች ልኮ የቤትስን ልጅ አሳግቶ ምሽጉን ቢይዝባቸውም አስመልሰውት እስከዛሬ አሉ።

ህብረቱ ጋ ስንመጣ ነው ነገር የሚበላሸው። ሮበርት ማዲሰን የሚባል አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ የሚኖር ታዳጊ በ1979 መኝታ ቤቱን ታሎሳ ብሎ መንግስት አወጀ፣ ብዙም ሳይቆይ በ1980 ደሞ የተገንጣይ አገራት ሊግ ተቋቋመ። የእንደዚህ አይነት ሊግ ስራ ምን መሰላችሁ፣ እኔ ላንተ እውቅና ልስጥ አንተም ለኔ ስጠኝ ነው፣ በቃ። አብሮ የሚታረስ የለ፣ የሚዋጣ የለ፣ ያለው ሹመት ብቻ ነው፣ ሹመት ደግሞ መቼም አያጠግብም። ታሎሳ ራሷ እንኳን በ2004 ንጉሳዊና ሪፐብሊክ ተብላ ለሁለት ተከፍላ እስከ 2012 አልታረቀችም።

እኛ ግቢም ይሄው ሆኗል። የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ክረምት ላይ እያንዳንዳቸው ክፍላቸውን አገር አሉና ህብረት መሰረቱ፣ ፓስፖርት ከደብተር ሽፋን፣ ማህተም ከላጲስ ተቀርፆ፣ የማህተሙ ፊደል ተገልብጦ ስለወጣ ደግሞ ሚስጥራዊ ፅሁፍ ነው ተብሎ ፀደቀ። ኳስ ለመግዛት ሲያዋጡ የነበረ ጊዜ እንደ አንድ ሰው ነበሩ። ኳሷ ከተገዛች በኋላ ዋና ፀሀፊ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ፣ ለሌላ ድምፅ የሚሰጥ ጠፋ፣ ከዛ አንዱ ለቅቄያለሁ ብሎ ፓስፖርቱን ቀደደ፣ ሌላውም ተከተለ። እውቅና የነፈጋቸው የለም፣ እናቴ ራሷ ቪዛ ጠይቃ ነው ሳሎን ትገባ የነበረው።

ለጎንደር ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም መቼም። በዘመነ መሳፍንት አፄ ተክለጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሰው ስድስቴም ወርደው ፍጻሜ መንግስት የተባሉት እኮ ንጉስነታቸውን የካደ ስለነበረ አይደለም፣ ጦሩም ግብሩም በመሳፍንቱ እጅ ስለነበረ ነው።

ሌላው፣ እውቅና ካልተሰጠ አገር አይባልም ብላችሁ የፃፋችሁት መታረም አለበት። የ1933ቱ የሞንቴቪዲዮ ስምምነት የሚጠይቀው ቋሚ ህዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግስትና ከሌሎች አገራት ጋር ግንኙነት የመፍጠር አቅም ነው፣ የአገር መኖር በሌሎች እውቅና ላይ እንደማይመሰረትም አንቀፅ 3 ላይ በግልፅ ተቀምጧል። በሚቀጥለው እትም ብታርሙት ጥሩ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ ማራኪ