ለወላጆች፦ ልጆቻችን ስለሚያነቡት የጠንቋይና የህልም መፅሀፍ፣ ክፍል ውስጥም ስለተፈጠረው ነገር

ሰላም ለእናንተ ይሁን ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰሞኑን በስልክም በአካልም ስለዚ መፅሀፍ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ግማሻችሁ "ይከልከልልን" ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ደሞ "ልጄ መፅሀፍ ሲያነብ ያየሁት ገና አሁን ነው፣ ተዉት" ትላላችሁ፣ ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ። ለሁላችሁም አንድ አይነት መልስ እንዲደርሳችሁ ብዬ ነው የምፅፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ ያልገባው ወላጅ ካለ፣ መፅሀፉ በእንግሊዝኛ የተፃፈ፣ ለቲንኤጀር የሚፃፍ አይነት ተከታታይ ልብወለድ ነው። ፒዲኤፉ በቴሌግራም እየተላለፈ 7ኛም 8ኛም 9ኛም ክፍል ገብቷል። ዋናዋ ገፀባህሪ የ16 አመት ልጅ ናት፣ ገና ያልሆነውን ነገር ቀድማ በህልሟ ታያለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ያንን ህልም እየፈታች ወንጀል ታጣራለች፣ በየመሀሉ ድግምት አለ፣ የሻማ መብራት አለ፣ ከድሮ ጠንቋዮች የወረደ ዘር ምናምን አለ። የመጀመሪያዎቹን ቅፆች የላይብረሪ ሀላፊያችንም እኔም አንብበናቸዋል። ፀያፍ ነገር የለበትም፣ አንዳንዱ ምዕራፍ ያስፈራል፣ ታሪኩ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። እንግሊዝኛ አንድ ገፅ አንብብ ሲባል የሚያዛጋ ልጅ 300 ገፅ በሳምንት ጨርሶ ቀጣዩን ክፍል ሲለምን ማየት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም፣ መምህራኖቻችን ለአመታት የለፉበት ነገር ነው።

ስለዚህ መፅሀፉን አልከለክልም። ብከለክለውም ከስልካቸው አይጠፋም፣ ከኛ ፊት ብቻ ነው የሚጠፋው፣ እኛ ሳናይ ከሚያነቡት ደሞ እያየን፣ አብረን እያወራንበት ቢያነቡት እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የትኛው ክፍል እንደሆነ አልፅፍም። ልጆቹ የመፅሀፉን ነገር ወደ ጨዋታ ቀየሩትና የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠዋት ጠዋት ሌሊት ያዩትን ህልም መፃፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ልጅ አንድ መምህር ታሞ ሲወድቅ፣ አንዲት የክፍል ጓደኛቸው ደሞ ከጀርባው ቆማ ስትስቅ እንዳየች ፃፈች፣ በዛው ሳምንት መምህሩ ታሞ ቀረ፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። ህልሙ ላይ የታየችው ልጅ ስም ወጣላት፣ በምሳ ሰዓት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፣ እስክሪብቶዋን የሚነካ ጠፋ፣ "አይኗን አትዩ" ተባለ፣ ስክሪንሾቱ ከክፍል ክፍል ዞረ። ልጅቷ ለማንም አልተናገረችም፣ እኛም የሰማነው ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ከቀረች በኋላ እናቷ ስትመጣ ነው።

መምህሩ እኮ ከዛ በፊት ሲያስል የሰነበተ ሰው ነው፣ ልጆቹ በየቀኑ ሲያስል ይሰሙታል። በዛ ላይ አንድ ሙሉ ክፍል በየጠዋቱ ህልም ሲፅፍ ከዛ ሁሉ ውስጥ አንዱ ከሆነ ነገር ጋር መግጠሙ አይቀርም፣ ያልገጠሙትን ማንም አያስታውሳቸውም። ይሄን ለልጆቹ ግሩፑን ከፍተን አንድ በአንድ ስናሳያቸው ብዙዎቹ ወዲያው ገባቸው።

ያስደነገጠኝ የልጆቹ አይደለም። ከእናንተ መካከል ሶስት አራት ወላጆች መጥታችሁ "ልጄን ከዛች ልጅ አጠገብ እንዳታስቀምጡብኝ" ያላችሁኝ ነው። አንዳችሁም "ቤተሰቦቿ ከየት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ መልሴ አጭር ነው፣ በህልም ምክንያት፣ በዘር ምክንያት፣ ወይ በወሬ ምክንያት ማንም ተማሪ ከቦታው አይነሳም። ልጁ አጠገቧ እንዲቀመጥ የማይፈልግ ወላጅ ካለ እኔ ቢሮ መጥቶ ያናግረኝ፣ ልጅቷ ግን አትነሳም።

ለምን እንዲህ አከረርኩ? የመፅሀፉ ታሪክ ራሱ የሚነሳበትን ነገር ልንገራችሁ፣ ለልጆቹም ነግረናቸዋል። የዚ አይነት ልብወለዶች ብዙዎቹ የጠንቋዮቹን ዘር ሴለም ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው የሚወስዱት። እዛ የሆነው ግን ልብወለድ አይደለም። በፈረንጆች 1692 ማሳቹሴትስ ውስጥ የአንድ ፓስተር የ9 አመት ልጅና የ11 አመት ዘመዷ እየተንዘፈዘፉ መጮህ ጀመሩ፣ ሀኪም መጥቶ የክፉ እጅ አለበት አለ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ልጆቹን ከበው "ማነው ያደረገባችሁ? ስም ጥሩ" አሏቸው። መጀመሪያ የተጠሩት ሶስት ሴቶች ናቸው፣ አንዷ በቤቱ የምታገለግል ባሪያ፣ አንዷ ለማኝ፣ አንዷ ታማ ቤተክርስቲያን መሄድ ያቆመች። ዞር ብሎ የሚያያቸው የሌላቸው ሰዎች ማለት ነው። የለማኟ ልጅ ገና 4 ወይ 5 አመቷ ነበር፣ እሷም ጠንቋይ ተብላ በሰንሰለት ታስራለች፣ ወራት ነው የታሰረችው። መጨረሻ ላይ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፣ አንድ 80 አመት ገደማ የሆነ ሽማግሌ ደሞ በድንጋይ ክምር ተጭኖ ሞተ።

ፍርድ ቤቱ ምን ይዞ ፈረደ መሰላችሁ? አንዱ ማስረጃ የተከሳሹ አምሳል በሌሊት መጣብኝ የሚል ምስክርነት ነው፣ ሰውዬው ራሱ ቤቱ ተኝቶ ቢያድርም እንኳን። መጀመሪያ የተሰቀለችው ብሪጅት ቢሾፕ የምትባል ሴት ናት፣ አንዱ ምስክር ሌሊት ደረቱ ላይ ከባድ ነገር ሲጫነው ነቅቶ እሷ ላዩ ላይ ተቀምጣ እንዳያት ተናገረ፣ መንቀሳቀስም መናገርም እንዳቃተው። ይሄን ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት፣ ይሄ እኮ ዱካክ ነው! እኛ አገር ዱካክ ያልያዘው ሰው አለ? ከመሀከላችሁ ሌሊት ነቅቶ እጁን ማንሳት አቅቶት፣ ጥግ ላይ የሆነ ጥላ የቆመ መስሎት፣ መጮህ ፈልጎ ድምፅ ያጣ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እዛ ግን በዚህ ምክንያት ሰው ተሰቀለ።

ዱካክ ምን እንደሆነ የባዮሎጂ መምህራችን ለልጆቹ በደንብ አስረድቷቸዋል፣ ለእናንተም ይጠቅማል። ህልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነታችን የህልሙን እንቅስቃሴ እንዳያደርግ ጡንቻዎቻችን ይላላሉ፣ ያለዛ በህልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እየወደቅን እንሰበር ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ግን ገና አልተፈታም፣ አይን ተከፍቶ ህልሙ ይቀጥላል፣ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና በራሱ ይለቃል። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀ፣ የተጨነቀ፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። አሁን አስቡት፣ የ8ኛ ክፍል ልጅ ሚኒስትሪ እየደረሰበት ተጨንቋል፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ የሚያስፈራ ምዕራፍ ያነባል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። በዚህ እድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ዱካክ ባይዘው ነው የሚገርመኝ። ልጆቹ "ሊነጋ ሲል የታየ ህልም አይስትም" ሲሉም ሰምቻለሁ፣ የንጋት ህልም በደንብ የሚታወሰው ህልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ስለሚሄድና መሀሉ ላይ ስለምንነቃ ነው።

የፈረንጅ ታሪክ ምን አገባን የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከራሳችንም አለ። ሌባሻይን አያቶቻችሁን ጠይቁ። እቃ ጠፋ ሲባል ሌባሻዩ አንድ ልጅ ያመጣል፣ የሆነ ነገር ያጠጣዋል፣ ያስጨሰዋል፣ ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ህልም የሚያይ ልጅ ወንጀለኛ አገኘ ማለት ነው፣ ልክ እንደ መፅሀፉ፣ ልዩነቱ እዚህ የሚከፍለው እውነተኛ ሰው መሆኑ ነው፣ የተመረዘውም ልጅ እውነተኛ ልጅ ነው። መንግስት ከልክሎት ነው የቀረው። ቡዳ የሚለው ስም ደሞ ማን ላይ ሲለጠፍ እንደኖረ ታውቃላችሁ፣ ማረሻችንን በሚቀጠቅጠው፣ የምንበላበትን ሸክላ በምትሰራው፣ ጥበብ በሚሸምነው ሰው ላይ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ይሄው ከመቶ አመት በላይ አልፎም አንድ ወላጅ እኔ ቢሮ መጥቶ "ቤተሰቦቿ ከየት ናቸው" ይላል፣ ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ስለ እምነት ለጠየቃችሁኝ፣ እኔ ህልም ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ ልጆቻችሁን አላስተምርም፣ ቦታዬም አይደለም። ዮሴፍ በመፅሀፍ ቅዱስም በቁርአንም አለ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ታሪኩን ያውቀዋል። ግን ዮሴፍ የፈርኦንን ህልም ሲፈታ ያተረፈው ለሰባት የረሀብ አመት የሚሆን እህል ነው፣ በህልም ማንንም አልወነጀለም። ይልቅ በህልሙ ምክንያት ጉድጓድ የተጣለው እሱ ራሱ ነው። ልጃችሁ ህልም አስፈራኝ ካለ ከንስሀ አባቱ ጋር፣ ከሼኩ ጋር፣ ከፓስተሩ ጋር ይነጋገር፣ ደስ ይለኛል። ጠንቋይ ቤት ግን እባካችሁ አትውሰዷቸው፣ "ማን እንዳደረገብሽ እንጠይቅልሽ" የሚል ሰው የሚነግራችሁ የሆነ ሰው ስም ነው፣ ያ ስም ደሞ የጎረቤት ወይ የክፍል ጓደኛ ስም ነው የሚሆነው።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። የህልም ግሩፑ ተዘግቷል፣ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የዘጉት፣ ከክፍል ሀላፊያቸው ጋር ተነጋግረው። ህልሙን የፃፈችው ልጅ አልተቀጣችም፣ ክፉ አስባ አይደለም የፃፈችው፣ በኋላ ስታየው በጣም አልቅሳለች። እዛ ሴለም ከከሳሾቹ አንዷ የነበረች አን ፑትናም ያኔ 12 አመቷ ነበር፣ በ1706 አድጋ ቤተክርስቲያን ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ ይቅርታዋ ተነቦላታል፣ 14 አመት ሙሉ ይዛው ኖራለች ማለት ነው። የኛ ልጅ ይሄን ያህል እንድትሸከም አልፈልግም፣ ስለዚህ ሁለቱ ልጆች እናቶቻቸው ባሉበት ተገናኝተው ተነጋግረዋል። ስም ያወጡትና ስክሪንሾት ያዞሩት ልጆች ግን በመመሪያው መሰረት ወላጅ ይጠራል፣ የተጠራችሁ ወላጆች "የልጅ ነገር ነው" ብላችሁ እንዳትቀሩ። ከአሁን በኋላ ጠንቋይ፣ ቡዳ፣ መተተኛ ብሎ ተማሪን መጥራት እንደ ድብደባ ነው የምናየው።

መፅሀፉን ደሞ አርብ አርብ ከሰዓት የላይብረሪ ሀላፊያችን ከልጆቹ ጋር ታነበዋለች፣ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ መግባት ይችላል። አማርኛ መምህራችን ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚያስፈራ ተረት ሰብስበው የራሳቸውን ምስጢራዊ ታሪክ እንዲፅፉ እያደረገ ነው፣ ከመጡት ውስጥ አንዳንዱ ከፒዲኤፉ ይበልጣል፣ በተለይ የጅብና የወፍጮ ቤቱን ታሪክ የፃፈው ልጅ እጁ ይባረክ።

ከእናንተ የምፈልገው ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ ልጁ ማንበብ ከፈለገ ከእራት በፊት ያንብብ። ልጁ ዱካክ ያዘኝ ካላችሁም አትሳቁበት፣ አታስፈራሩት፣ ምን እንደሆነ ንገሩት። ደጋግሞ ከመጣ፣ ልጁ እንቅልፍ ከፈራ ወይ ቀን ቀን ከደከመው ሀኪም ያየው። እቤት ቡና ላይ ደሞ የዛችን ልጅ ነገር አታንሱ፣ ልጆች ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሁሉን ይሰማሉ፣ ሰኞ ክፍል ይዘውት ይመጣሉ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይብረሪ ውስጥ ስብሰባ አለን፣ የባዮሎጂ መምህሩም የላይብረሪ ሀላፊዋም ይኖራሉ፣ መፅሀፉን ራሳችሁ ማየት ለምትፈልጉ የመጀመሪያው ቅፅ ፕሪንት ተደርጎ ይጠብቃችኋል። የ7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ክፍል ወላጆች በሙሉ እንድትመጡ፣ አባቶችም ጭምር። ቅዳሜ የማይመቻችሁ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር