የክፍያ መረጃችሁን ከትልልቅ ኩባንያዎች ስለማውጣት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ የሒሳብ ፕሮግራማችንን ለምትጠቀሙ ነጋዴዎች፤

እንደምን ከረማችሁ? «የክፍያ መተግበሪያው የያዘውን የሽያጭ ዝርዝር ለምን በቀጥታ አትስቡልንም?» ለምትሉን፦ የመተግበሪያው ባለቤት ኩባንያ ካልፈቀደ በሕግ ማስገደድ ይከብዳል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገበያው የበላይነት ያለው ነጋዴ፣ ተወዳዳሪው ያለሱ መሥራት የማይችለውን መገልገያ ያለ በቂ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት እንዳይከለክል ያዛል። ትልቅነት ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም። ከሳሹ የኩባንያውን የበላይነትና መረጃው በሌላ መንገድ እንደማይገኝ ማስረዳት አለበት፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ነጋዴው በመድረኩ ላይ ያፈራውን መረጃ በነፃና ሳይቋረጥ እንዲያገኝ ግዙፎቹን የዲጂታል ኩባንያዎች ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ለቡሬ በርበሬ ነጋዴ ግን አይደርስም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የራስን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ የሚጠብቀው ግን ሰውን እንጂ የንግድ ማኅበርን አይደለም። ንግድ ፈቃዳችሁ በግል ስማችሁ ከሆነ ጥያቄውን ለኩባንያው በጽሑፍ አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተረከበው ሰው ፊርማና ቀን ይኑር።

እስከዚያው ወር ባለቀ ቁጥር ዝርዝሩን ራሳችሁ አውርዱ። ምርጫ ካለ ፒዲኤፉን ትታችሁ ሲኤስቪውን (በሰንጠረዥ የሚከፈተውን ተራ የጽሑፍ ፋይል) ያዙ። ፋይሉን ግን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት፦ ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ ባለ 18 አሃዝ የግብይት ቁጥር የመጨረሻ 3 አሃዞቹ ዜሮ ይሆናሉ፤ የአማርኛ ስምም ሊበላሽ ይችላል። አንዴ ሴቭ ካደረጋችሁት ወዲያ መመለሻ የለውም። ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ «ዳታ»፣ ከዚያ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በሉ፤ «ፋይል ኦሪጂን» ላይ 65001 ዩቲኤፍ-8ን፣ «ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን» ላይ «ዱ ኖት ዲቴክት»ን ምረጡ።

ቀኑንም እዩ። 05/06 ወሩ የቱ እንደሆነ አይናገርም። ዓመቱን ትታችሁ ከ13 የሚበልጥ ቁጥር ያለበትን መስመር ፈልጉ፤ ያ ቁጥር የተቀመጠበት ቦታ የቀኑ ነው።

ድምሩ ከባንክ ሒሳባችሁ ጋር አልገጥም ካለ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያውን ተመልከቱ፤ አንዳንዱ ዝርዝር ከተቀነሰ በኋላ ያለውን፣ አንዳንዱ ሳይቀነስ በፊት ያለውን ነው የሚጽፈው። የወረደውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡና ለእኛ ቅጂውን ላኩልን። ከመላካችሁ በፊት የገዢዎቻችሁን ስምና ስልክ ዓምድ ሰርዙ፤ ዝርዝሩን ከባንክ ሒሳባችሁ ጋር ለማስታረቅ የግብይት ቁጥሩ፣ ቀኑና ብሩ ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣ ደብረ ማርቆስ