ውሃው ሳይመጣ ስለሚዘጋው መንገድ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 8 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በስልክ ጀምረነው ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያልቋጨነውን ጉዳይ፣ ማለትም መጪውን ክረምት የት ያሳልፉ የሚለውን፣ ረጋ ብለው እንዲያስቡበት ነው።

«ርብን ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ» ብለውኛል፤ ይህን የሚክድ ልጅ የለዎትም። ወንዙ ደለሉን ይዞ ካልወረደ ሩዙ እንደማያምር፣ ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ የሚዘራው ጓያና ሽምብራም እንደማይበቅል ከእርስዎ የተማርኩት ነው። ስለዚህ የፎገራን ሜዳ ለዘለዓለም ይልቀቁ አላልኩም። የምለምንዎ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስቀል ድረስ ወረታ እህቴ ዘንድ እንዲቆዩ፣ የሚወጡበትንም ቀን ውሃው ደጃፍዎ ሲደርስ ሳይሆን አስቀድመው እንዲቆርጡ ነው።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ወንዞቻችን፣ ርብም ጉማራም፣ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊያድር ይችላል፤ በማግስቱ ግን ውሃው ከሜዳው ላይ ነው። ከላይ ያለው ተዳፋት እየታረሰና እየተራቆተ ሲሄድ የሚታጠበው አፈር ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይበርድና በወንዙ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ በየዓመቱም የወንዙ ወለል ከፍ እያለ፣ ውሃ የሚይዝበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ ላይ ጣና አለ። ሐይቁ በክረምት ሞልቶ ከፍተኛው ልኩ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ስለሆነ፣ ወንዞቹ ወደ ሐይቁ መግባት አቅቷቸው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ዝናቡ በጳጉሜን ቢያባራም የሜዳው ቀበሌዎች ናበጋና ዋገጠራ ውሃ ውስጥ የሚቆዩት ለዚህ ነው። መሬቱ እንደ ምጣድ የተዘረጋ በመሆኑ ሐይቁ ጥቂት ስንዝር ከፍ ሲል ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባው ብዙ ርቀት ነው።

«አሁን እኮ ግድብ ተሠርቶልናል» ያሉኝንም አልዘነጋሁም። የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ሙላት እንደሚያለዝብም አምናለሁ። ሆኖም ከግድቡ በታች የሚገቡትን ገባሮች አይይዝም፣ ለጉማራም አይደርስለትም፣ ጣና ሲሞላ ደግሞ በታች በኩል የሚመጣው ውሃ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። በወንዙ ዳር የሚሠራው የአፈር ክትር ደግሞ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ግማሽ መድኃኒት ነው። አንዱ ወገን ክትሩን ከፍ ሲያደርግ ውሃው ማዶ ወዳለው ይዞራል፤ ክትሩ የተበሳ ሌሊት ደግሞ ቀስ ብሎ ይገባ የነበረው ውሃ ባንድ ጊዜ ይገባል። በዚህ ሰበብ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ከእኔ ይልቅ እርስዎ በሽምግልና ተቀምጠው አይተውታል።

በ1998 ክረምት የሆነውን ያስታውሳሉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ውስጥ በሌሊት ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ የኦሞ ወንዝ በደቡብ፣ በዳሰነች፣ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ፤ በዚያው ነሐሴ የእኛም ሜዳ ተጥለቀለቀ። በ2012 ክረምት ማብቂያም ከፎገራና ከሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። የእኛ ጎርፍ እንደ ደቻቱ ተወርውሮ ስለማይመጣ ሰው ይንቀዋል፤ «ዛሬ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ነገ ይጎድላል» እያለ ይሰነብታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ቀርፋፋነቱ ነው። ቤትዎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው ላይገባበት ይችላል፤ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣዎት መንገድ ግን ዝቅ ባለው በኩል ስለሚያልፍ ከቤትዎ ብዙ ቀን ቀድሞ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ታንኳ ብቻ ነው። በእርስዎ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት፣ ትኩሳት ቢነሳብዎ ማን አዝሎ ያወጣዎታል?

ደግሞም የሚዘጋው መንገዱ ብቻ አይደለም። የጉድጓዱ ውሃ ከመጸዳጃው ጋር ይቀላቀላል፤ ጤና ኬላው ውሃ ሲከበው መድኃኒት የሚያደርስለት የለም፤ ውሃው ሲሸሽ ወባው ይከተላል። ግጦሹ ስለሚሰጥም ከብቱ ክትሩ ላይ ተጨናንቆ ይቆማል፣ ከረግረጉ ሣር ጋር የጉበት ትል ይገባበታል። ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚጠለል ልጆቹ በመስከረም መማር ሲገባቸው ክፍሉ እስኪለቀቅ ይጠብቃሉ። የወረታ ሩዝ መፈልፈያዎች እንኳ ከዚያ ሜዳ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ በነሐሴ ቡቃያው ጨርሶ ሰጥሞ ከከረመ የባለ ወፍጮው፣ የጫኙም የነጋዴውም ዓመት አብሮ ይበላሻል።

አንድ ነገር ብቻ ጣልቃ ላስገባ። ሩዝ በደርግ ዘመን ሳይገባ በፊት ያ ረግረግ የፎገራ ከብት መዋያ እንደነበረ፣ ሰውም ከፍ ከፍ ባለው ላይ ይኖር እንደነበረ እርስዎ ነዎት የነገሩን። ኤክስ ጅግና የተባለው ሩዝ የተናቀውን መሬት ወርቅ አደረገው፤ እኛንም ያስተማረን እሱ ነው። ነገር ግን ሰዉ እርሻውን ተከትሎ ቤቱንም ወደ ውሃው ይዞ ወረደ። እርሻው ታች መሆኑን አልነቅፍም፤ እንቅልፉ ግን በክረምት ከፍ ባለው ቦታ ላይ ቢሆን እላለሁ።

እህሉን ማን ይጠብቀዋል እንዳሉኝ አውቃለሁ። በጎታው ካለው ለዘርና ለክረምት ቀለብ የሚሆነውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ወረታ እናደርሰዋለን፤ የጋሪውንና የመኪናውን ኪራይ በቴሌብር እልካለሁ። የሚታለቡትን ላሞች እህቴ ጓሮ እናስራቸዋለን፣ ለዚህም ድርቆሽ ከአሁኑ እንዲገዛ ነግሬያታለሁ። የቀሩትን ከብቶች ወንድሜ እየተመላለሰ ያያቸዋል፤ እሱ ወጣት ነው፣ ዋናም ይችላል። የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ የእናቴን ፎቶግራፍና የእርስዎን መታወቂያ በላስቲክ ጠቅልለው አስቀድመው ከወንድሜ ጋር ይላኩልኝ። ለደብረ ታቦርም ለፍልሰታም ወረታ ቤተ ክርስቲያን ስላለ፣ ጾሙን ያለ ቅዳሴ አያሳልፉም።

ሐምሌ 12 ቀን እኔ ራሴ መጥቼ ልወስድዎ አስቤያለሁ። ቀኑ የማይመችዎ ከሆነ ቀደም ያለውን ይምረጡልኝ እንጂ አያዘግዩት። በሚመጣው የገበያ ቀን ወደ ወረታ በሚወጣ ሰው ከላሞቹ የትኞቹ እንደሚመጡ ለእህቴ መልእክት ይላኩላት፤ በረቱን በዚያ ልክ ታሠራለች።

አክባሪ ልጅዎ