«ከውጭ ግዙ»

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። «የመንግሥት ሆስፒታል ድሮ ቀረ፤ የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው» አልሽ። ዕድሜሽን ሙሉ በነርስነት ያገለገልሽ ሰው ነሽና መከራከሩ ይከብደኛል። ግን በዚህ አልስማማም። ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

ባለፈው አብረን የሄድን ቀን የሆነውን አስታውሺ። ሐኪሟ ጥሩ አድርጋ አየችሽ፤ ስንፍና አላየሁባትም። ላቦራቶሪ ስንሄድ ግን ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያው ኬሚካል፣ አልቋል ተባልን። የራጅ ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል። ግቢው ውስጥ ያለው ፋርማሲም መድኃኒቱ የለውም። በየመስኮቱ መልሱ አንድ ነው፦ «ከውጭ»። ሆስፒታሉን ማንም አልሸጠውም፣ አዋጅም አልወጣም። በጀቱ ሳሳ፣ ዕቃው አለቀ፣ እኛም ብራችንን ይዘን ወደ ግል ሄድን። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚሸጠው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች እንደ ፈረንጆቹ በ1948 ሕክምናን ለሁሉም በነጻ አደረጉ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መንግሥት ለጦር መሣሪያ ገንዘብ ሲያጥረው ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ አመጣ። አገልግሎቱን ያቋቋመው አኑሪን ቤቫን ተናዶ ሚኒስትርነቱን ለቀቀ። ለመነጽር ብሎ ሥልጣን መተው ያኔ ለብዙዎች የማይረባ ኩርፊያ መስሎ ይሆናል። በ1952 ግን ለመድኃኒትም ክፍያ መጣ። የአፍሪካ መሪዎችም በ2001 ናይጄሪያ፣ አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። አብዛኞቹ ዛሬም አልደረሱበትም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መክፈል የሚችለው ሰው ሲወጣ ጩኸቱም አብሮት ይወጣል። ወረፋው ላይ የሚቀሩት ቢጮሁም የማይሰሙት ናቸው። እኔም ከወጡት አንዱ ነኝ፤ አንቺን ይዤ ሮጫለሁ፣ ነገም ብትታመሚ እሮጣለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፍልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። የግፊት መድኃኒትሽን ቀን እየዘለልሽ እንደምትውጪ አውቄያለሁ። ባለፈው ስመጣ እንክብሎቹን ቆጠርኳቸው፤ እስካሁን ማለቅ ነበረባቸው። እንዳላወጣ ብለሽ ነው አይደል? እባክሽ፣ በየቀኑ ዋጪ። የሚቀጥለውን እኔ ገዝቼ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ልጅሽ