ኮርስ የማንም ርስት አይደለም

በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች በኮርስ ድልድል (የትኛው መምህር የትኛውን ኮርስ ያስተምር በሚለው) ስለሚነሳው ጭቅጭቅ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን በመምህራን ጠባይ ላይ ጥሎታል። አልስማማም። ጠቡን የሚያመጣው በቃል የሚያልቅ ድልድል ነው።

ነባሩ መምህር የለመደውን ኮርስ እንደ ርስት ይይዛል። ስላይዱ ተዘጋጅቷል፣ የድሮ ፈተናውም ፋይል ውስጥ አለ። አዲስ የመጣው ሦስት ኮርስ ከዜሮ ያዘጋጃል። የሚቆጠረው የክሬዲት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ወረቀት ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። የ150 ተማሪ ፈተና ማረምም እንደ 20 ተማሪ ይታሰባል (አርሜ አይቼዋለሁ፣ ወገብ ይቆርጣል)።

ስለዚህ ሴሚስተሩ ሊጀመር 2 ወር ሲቀረው የእያንዳንዱ መምህር ምርጫ በጽሑፍ ይሰብሰብ። አዲስ ኮርስ ማዘጋጀትና የተማሪ ብዛት በመምህሩ የሥራ ጭነት ላይ ይታሰቡ። አንድን ኮርስ ከ3 ዓመት በላይ በተከታታይ አንድ ሰው አይያዘው። ድልድሉም ከነምክንያቱ ለሁሉም ይድረስ።

አንድ መምህር