ቁልቁለቱን በማርሽ ውረጂ

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ሲገባ የእናትሽን ጉልበት እንደ ልማዱ ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ችግር የለብንም። ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» እያልሽ ስለምታሳልፊኝ ነው። ደብዳቤ ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ ማለት አይቻልም።

የአክስትሽ ልጅ ከሙኒክ ደውላ ነበር። በሐምሌ መኪና ተከራይታችሁ ከሽቱትጋርት ልትነሡ፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ተራሮች ዞራችሁ በኦስትሪያ በኩል ልትመለሱ እንደሆነ ነገረችን። አንቺ ለእኛ «ትንሽ ሽርሽር» ነበር ያልሽው። ከዚያ ጣሊያን ተራሮች ላይ ያለውን የስቴልቪዮን መንገድ የሚያሳይ ቪዲዮ ለወንድምሽ ላከችለት። እናትሽ ገና ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ደግሜም አየሁት። በማግሥቱ ወንድምሽ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ መንገዳችሁን በጣቴ ስከተል ዋልሁ።

አትሂጂ አልልሽም። ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ልጁን አትሂጂ ቢል ማን ይሰማዋል? የምልሽ አንድ ነገር ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ውረጂ። በፍሬን አይደለም፣ በማርሽ።

መኪናው አዲስ ነው፣ አውቶማቲክ ነው ብለሻል። የመኪናው አዲስነት ቁልቁለቱን አያሳጥረውም። አውቶማቲክም ቢሆን ማርሽ አለው፤ ዘንጉን ወደ ማኑዋል አዙሪው፣ ወይም ከመሪው ጀርባ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸው መጫኛዎች ካሉት በእነሱ ቀንሺ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲሆን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርድልሻል። ይጮኻል፤ ይጩኽ። ፍሬን ላይ ተኝተሽ ከወረድሽ ግን የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይሠራል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን ስትረግጪው ጭቃ እንደረገጠ እግር ይሰምጣል። ፍሬን ሲያስፈልግሽ ጠንከር አድርገሽ ርገጪ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቂው፣ ሸራው ይቀዝቅዝ። ደግሞ ማርሹን የምትቀንሺው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ከጀመረ በኋላ አይደለም።

አሁን ስለ መንገዱ። ማን እንደመረጠላችሁ አላውቅም፣ ግን ሹፌር አይደለም። እናንተ «ውብ መንገድ» ብላችሁ የምትፈልጉት እኛ ስንሸሸው የኖርነውን ነው። በስዊዘርላንድ በጎታርድ ተራራ ሥር ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1980 ከተከፈተ ወዲህ የጭነት መኪናው ሁሉ በሥር ያልፋል፤ በላይ ያለው፣ በድንጋይ የተነጠፈው አሮጌው የትሬሞላ ጠመዝማዛ ለእናንተ ለሽርሽረኞች ቀረ። እሱን ብታዪው ደስ ይለኛል። ድንጋዩ ሲርስ እንደሚያንሸራትት ግን አትርሺ።

ከባደን-ባደን እስከ ፍሮይደንሽታት ባለው የጥቁር ደን ጎዳና መጀመራችሁ ጥሩ ነው፤ እጅሽን ያፍታታልሻል። ሙሜልዜ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። እስከዚያ ድረስ እንቅልፌን እተኛለሁ። የሚያሳስበኝ ስዊዘርላንድ ውስጥ ካለችው ከአንደርማት ከተማ በኋላ ያለው ነው። ፉርካ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ 2,429 ሜትር ነው፤ እዚያ የሮን ወንዝ የሚወጣበት የበረዶ ግግር አለ፤ በረዶው ቶሎ እንዳይቀልጥ በበጋ ነጭ ብርድ ልብስ ያለብሱታል ሲሉኝ እናትሽ ሳቀች። ስቴልቪዮ ደግሞ 2,757 ሜትር ነው። ከፍታው አያስደንቀኝም፤ ጣርማበር ሁለቱንም ይበልጣል። የሚያስፈራው ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ነው። ፕራድ የምትባለው ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ከእሷ ተነሥተሽ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ጫፉ ላይ ትደርሻለሽ። በዚያ በኩል 48 ኩርባ አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከታች 48 ብሎ ይጀምርና ጫፉ ጋ 1 ይሆናል። ካርሎ ዶኔጋኒ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ለኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የሠራው ነው። መኪና ባልነበረበት ዘመን ፈረስ ለሚጎትተው ሠረገላ የተቀደደ መንገድ ስለሆነ አውቶቡስ ሲመጣ ኩርባውን በሙሉ ይይዘዋል። አንቺ ቀድመሽ ቁሚለት። የሚወጣው ይቀድማል፣ የሚወርደው ይጠብቃል፤ ይህ እኛም ጋ እነሱም ጋ ያው ነው።

በፕራድ በኩል ውጪና በኡምብራይል መተላለፊያ በኩል ወደ ሳንታ ማሪያ ውረጂ። እሱም ቁልቁለት ነው። በማርሽ።

የኦስትሪያው የግሮስግሎክነር መንገድ 48 ኪሎ ሜትር ነው፣ 36 ኩርባ አለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 ሲከፈት ከመጀመሪያውም ለመኪና ጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነውና ሰፊና ለስላሳ ነው። ከስቴልቪዮ ይልቅ እሱን ነው የምፈራልሽ። ስቴልቪዮ ላይ ሰው ፈርቶ ይነዳል። ሰፊ መንገድ ላይ ግን አንዱ ያወራል፣ አንዱ ሙዚቃ ይቀይራል፣ ሹፌሩም አብሮ ይዘናጋል፤ ቁልቁለቱ ግን በአንዳንድ ቦታ እስከ አሥራ ሁለት በመቶ ይደርሳል።

ልጅ ሳለሽ በየጥምቀቱ ከረሜላ ይዞልሽ የሚመጣው፣ ግራ እግሩን የሚጎትተው ወዳጄ ትዝ ይልሻል? ጦርነት ላይ ቆስሎ ነው ብለን ነግረንሽ ነበር። ጦርነት አልሄደም። ጣርማበር ላይ ነው።

እሱና እኔ ያን ጊዜ ረዳቶች ነበርን። ሁለት ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢያቸው ቡና ጭነው ወደ አሰብ ይወርዳሉ፤ እነሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ከጣርማበር ዋሻ እንደወጣን ጉሙ ዋጠን። ያሠለጠነኝ ሹፌር በዚያ ብርድ መስኮቱን እስከ ታች ከፍቶ ነበር የሚነዳው፤ ልዘጋው እጄን ስሰድድ መታኝ። ጥቂት እንደወረድን የጋለ ሸራ ሽታ መጣ። አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው አይረሳውም፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። «በፍሬን እየወረዱ ነው» አለና ጡሩምባውን ሳይለቅ ነፋ፣ ነፋ። የሚሰማ አልነበረም። የፊተኛው ሹፌር ደብረ ሲና ለምሳ ልድረስ ብሎ ማርሹን ሳይቀንስ ነበር የገባበት፤ መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ደግሞ ካምቢዮው ዝቅተኛ ማርሽ አይቀበልም።

ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ ወዳጄ ታኮ ይዞ ከጋቢናው በር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ዘለለ። የመጀመሪያውን ታኮ ጎማው ሰነጠቀው። ሁለተኛውን ሊያስገባ ጎንበስ ሲል ተሳቢው ተወዛውዞ መታው። ሹፌሩ መኪናውን በተራራው በኩል ካለው ቦይ ከተተና ከድንጋዩ ጋር እያፋጨ አቆመው። ጆንያዎቹ ተቀደው ጥሬው ቡና በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ ወደ ወዳጄ ስሮጥ ቡናው ከእግሬ ሥር እየተንከባለለ ሁለት ጊዜ ጣለኝ።

ጋቢናችን ውስጥ አስተኝተነው ወደ ደብረ ሲና ወረድን። ይጮኻል። ደሙ በጫማዬ ውስጥ ይገባል። እኔ «ፍጠን! ስለ ወላዲተ አምላክ ፍጠን!» እያልሁ አለቅሳለሁ። ያ ሹፌር ግን በመጀመሪያ ማርሽ ገባ፤ ደብረ ሲና እስኪደርስም ከመጀመሪያ ማርሽ አልወጣም። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ያን ቀን ጠልቼው ነበር። ወዳጄ ዛሬም በሕይወት አለ፤ የልጅ ልጅ አይቷል።

የት ነበርሁ? አዎ፣ ማርሹ። እናትሽ ይህን አትጻፍባት፣ ታስፈራታለህ ብላኛል። ትፍራ። ትንሽ ትፍራ።

ሌላው ነገር የሚነዳ ሰው አያይም። እኔ ጣርማበርን፣ የባቲን ቁልቁለት፣ የአፋርን ሜዳ ስንት ዘመን ተመላለስሁባቸው፤ እናትሽ «ምን ይመስላል?» ስትለኝ የምነግራት የመንገዱን ጉድጓድና የነዳጅ ማደያውን ነበር። አሰብን አሳየኝ ትለኝ ነበር። ባሕር ማየት ነበር ምኞቷ። በሚቀጥለው እወስድሻለሁ እላለሁ፤ በሚቀጥለው ጭነቱ አስቸኳይ ይሆናል፤ ከዚያ ወንድምሽ ተወለደ፤ ከዚያ አንቺ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፣ መንገዱም ተዘጋ። ያ ሁሉ ጨው በጎማዬ ላይ እየተጣበቀ ቤታችን በር ድረስ መጥቷል፣ እሷ ግን ባሕሩን አላየችም። አሁንም ወጥ እያማሰለች ይህን ስጽፍ ከጎኔ ናት፤ ምን እንደምጽፍ አልነገርኋትም።

ስለዚህ ማየት ከፈለግሽ ቁሚ። እየነዳሽ ወደ ገደሉ አትመልከቺ፤ መኪና ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። መቆሚያ በተሠራበት ቦታ ውጪ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ሞተር አጥፊ፣ ከዚያ እስኪበቃሽ እዪ። ከአንደርማት በስተ ምሥራቅ ኦበራልፕ የሚባል መተላለፊያ አለ፤ 2,044 ሜትር ላይ፣ ባሕር በሌለበት ተራራ አናት፣ ቀይ የመርከብ መብራት ማማ አቁመዋል። ራይን ወንዝ ከዚያ አካባቢ ተነሥቶ ባሕር ስለሚገባ ነው አሉ። እሱን ለእናትሽ ፎቶ አንሺላት።

አሁን ዝርዝር ነገር። ከመኖሪያ ፈቃድሽ ጋር ፓስፖርትሽን ያዢ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን እዚያ እንደገና ተፈትነሽ ማለፍሽን ስሰማ ለሰፈሩ ሁሉ ነው ያወራሁት፣ ስለዚህ እቤት እንዳትረሺው። የኪራይ ውሉ ድንበር መሻገርን የሚፈቅድ መሆኑን አንብቢ፤ ሌላ ሰው የሚነዳ ከሆነም ስሙ ውሉ ላይ ይግባ። ለስዊዘርላንድ ፈጣን መንገድ እንደ እኛ ቦሎ ያለ ቪኛት አለ፤ ዋጋው 40 ፍራንክ ነው፤ ሳትገዢ ከተያዝሽ 200 ፍራንክ ቅጣት አለው። ኦስትሪያም የራሷ አላት፤ የግሮስግሎክነር ክፍያ ደግሞ ከዚያ ውጭ ነው፤ ማታም ይዘጋል። ጣሊያን ከተሞች ውስጥ የአሮጌውን ሰፈር መግቢያ ካሜራ ይጠብቀዋል፤ ነጭ ሆኖ በቀይ ክብ የተከበበ ምልክት ካየሽ አትግቢ፣ መኪናውን ውጭ አቁመሽ በእግርሽ ግቢ። ሦስት ማዕዘኑ፣ አንጸባራቂው ሰደርያና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ መኪናው ውስጥ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። አደጋ ቢያጋጥም በሁሉም አገር 112 ነው።

ሐምሌ ነው ብለሽ በስስ ልብስ እንዳትሄጂ፤ እዚያ ከፍታ ላይ በረዶ በሐምሌም ይጥላል። መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው አረጋግጪ። በስዊዘርላንድ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ኩርባ ላይ ሲደርስ በሦስት ድምፅ የሚነፋ ጡሩምባ አለው፤ ስትሰሚ ቁሚ። በተራራ የፖስታ መንገድ ላይ ሹፌሩ ወደ ኋላ ተመለሺ ካለሽ ትመለሻለሽ፤ ሕግ ነው፣ አትከራከሪ። ክርክር እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ ከእኔ ነው የወረስሽው።

ያ አብሮሽ የሚሄደው ልጅ ማን እንደሆነ እናትሽ ጠይቅልኝ ብላኛለች። እኔ አልጠይቅም። ትልቅ ሰው ነሽ። ግን መንጃ ፈቃድ አለው ወይ? ቢነዳስ ቁልቁለት ላይ እግሩ የት ነው ያለው? ከጎኑ ተቀምጠሽ እግሩን ተመልከቺ። ፍሬን ላይ የሚተኛ ከሆነ መቆሚያ ስታገኙ አስቁመሽው አንቺ ንጂ። ቅር ካለው ይበለው። ቀስ ብሎ በማርሽ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ለመስቀል ይዘሽው ብትመጪ ቅር አይለኝም።

በሶና ቆሎ በሚመጣ ሰው ልከንልሻል። ገንዘብ ካጠረሽ ለወንድምሽ ንገሪው፣ ለእኔ መንገር ካፈርሽ። እየነዳሽ ስልክ አታንሺ፤ እኔ ብደውልም አታንሺ። ማታ የምታድሩበት ስትደርሱ አጭር መልእክት ይበቃናል፤ እናትሽ እሱን ሳታይ አትተኛም።

ፎቶውን ሁሉ ለእሷ ላኪላት። ለእኔ ስቴልቪዮን በየትኛው ማርሽ እንደወረድሽው ጻፊልኝ።

አባትሽ