ኪኒኑን ለምን እንደተውን፣ ውሃ ቀይሩ ለምን እንዳልን

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከፋሲካ በኋላ በስልካችሁ የላክንላችሁ አጭር መልእክት ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል፤ አንዳንዶቻችሁም ውላችሁን አቋርጣችኋል። መልእክቱ የያዘው አራት ነገር ነበር። በመዋኛ ገንዳችሁ ላይ የሚንሳፈፈውን የክሎሪን ኪኒን ማስቀመጥ አቁመናል፤ ሠራተኛችን በሳምንት አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ ስታቢላይዘሩ፣ ማለትም ክሎሪንን ከፀሐይ የሚከልለው ኬሚካል፣ ከልክ ያለፈበት ገንዳ ደግሞ ውሃው በከፊል መቀየር አለበት። ይህን ሁሉ ያለ ማብራሪያ በጥቂት መስመር በመላካችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ደብዳቤው ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ገንዳ አፍስሱ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?» ያሉኝ እናት አሉ። እውነት አላቸው፤ እኔም በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በበርሜል የማጠራቅም ሰው ነኝ። ሌላ ደንበኛችን ግን ከቦቴ ባለቤቶች ጋር ተስማምቼ ኮሚሽን እንደምቀበል ነግረውኛል። ይህቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። የልጆቻቸውን ገንዳ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የጠበቅኩላቸው ሰው ናቸውና ከሌላ ሰው ብሰማው ይሻለኝ ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ክሎሪን ፀሐይን አይችልም። ስታቢላይዘር በሌለበት ገንዳ ረፋድ ላይ የጨመራችሁት ክሎሪን ምሳ ሳይደርስ አብዛኛው ይጠፋል፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ያፈርሰዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥርና የየካቲት ፀሐይዋ እንኳን ክሎሪንን የሰውን ቆዳም አይምርም። ስታቢላይዘር፣ በኬሚካል ስሙ ሳያኑሪክ አሲድ፣ ክሎሪኑን ይዞ ከጨረሩ ይከልለዋል። ስለዚህ ያስፈልጋል። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ገንዳው ሰላም ነው።

ችግሩ ያለው ኪኒኑ ውስጥ ነው። 200 ግራም የሚመዝነው ነጭ ኪኒን ክሎሪን ብቻ አይደለም፤ ሲሟሟ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው፣ ወደ 110 ግራም የሚጠጋው፣ ስታቢላይዘር ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል፤ ስታቢላይዘሩ ግን አይተንም፣ አይቃጠልም፣ ማጣሪያው አይዘውም። 50 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገንዳ አንድ ኪኒን ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ይጨምራል። በሳምንት ሁለት ኪኒን ከሆነ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ከ100 ያልፋል፤ ማጣሪያው ሲታጠብና ልጆች ሲንቦጫረቁ የሚወጣው ውሃ ትንሽ ቢቀንሰውም። ከላይ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ የጎደለውን መሙላትም አይጠቅምም። ጨው የበዛበት ወጥ ቢንተከተክ ጨውነቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ መፍትሔው ከወጡ ቀንሶ ውሃ መጨመር ብቻ ነው።

«ታዲያ ለዓመታት ኪኒኑን የምታስቀምጠው አንተ አልነበርክም?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ነበርኩ፤ በትክክልም ነበርኩ። በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችሁ ገንዳውን በየዓመቱ አፍስሳችሁ፣ ግድግዳውን አሳጥባችሁ እንደገና ትሞሉ ነበር። የተጠራቀመው ስታቢላይዘር አብሮ ይወጣ ነበር። አሁን ውሃ ሲወደድና ሲቸግር ማፍሰሱ ቀረ፤ ያ ውሃ ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። ኪኒኑ አልተለወጠም፣ እኔም አልተለወጥኩም፤ የተለወጠው የውሃው ዕድሜ ነው።

ባለፈው መጋቢት አንድ ደንበኛችን ልጃቸው በገንዳው ደረጃ ላይ እንዳዳለጠው ደውለው ነገሩን። ሄድኩ። ውሃው ከላይ ሲያዩት የጠራ ነው፣ ደረጃው ግን በእጅ ሲነካ ያሟልጫል፤ በማዕዘኖቹ አረንጓዴ አልጌ ጀምሯል። ክሎሪኑን ስለካው ሮዝ ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ 3 ሚሊ ግራም። ክሎሪን እያለ አልጌ ለምን ይበቅላል? ቀጥዬ ስታቢላይዘሩን ለካሁ። አለካኩ እንዲህ ነው፦ የገንዳው ውሃ ከመለኪያው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል፤ ከሥሩ ጥቁር ነጥብ ወዳለበት ቀጭን ቱቦ ቀስ እያላችሁ ታንቆረቁሩታላችሁ፣ ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ነጥቡ ሲጠፋ ታቆማላችሁ። ነጥቡ ቶሎ በጠፋ ቁጥር ስታቢላይዘሩ ብዙ ነው። የእሳቸው ገና ጥቂት እንዳንቆረቆርን፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሳንደርስ ጠፋ፤ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነው ማለት ነው። በቧንቧ ውሃ እኩል በእኩል አቅጥነን ስንደግመው 75 አለ፤ ይህ ማለት የገንዳው ውሃ 150 ነው። ደንበኛችን ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አይተዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መለኪያው የሚያሳየው ክሎሪን ሁሉ ነፃ ሆኖ አይሠራም፤ አብዛኛው በስታቢላይዘሩ እንደተያዘ ነው። ስታቢላይዘሩ በበዛ ቁጥር ጀርም ለመግደል የሚተርፈው ያንሳል። በሥራችን የምንመራበት ልክ አለ፤ ክሎሪኑ ቢያንስ የስታቢላይዘሩን 7.5 በመቶ መሆን አለበት። ለ40 ስታቢላይዘር 3 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይበቃል፤ ለ150 ግን ከ11 በላይ ያስፈልጋል። በየቀኑ 11 ላይ ማቆየት ለኪስም ለዓይንም አይመችም። የዓለም ጤና ድርጅት በመዋኛ ገንዳ መመሪያው ስታቢላይዘር በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። ልብ በሉ፣ መርዝ ነው አላልኩም፤ ልጆቻችሁ እስካሁን በመርዝ ውስጥ ሲዋኙ አልኖሩም። ያልኩት ክሎሪኑን ያስረዋል ነው። ትንሽ ልጅ ተቅማጥ ይዞት ገንዳ ውስጥ ቢያመልጠው ግን ያ የታሰረ ክሎሪን የሚደርስላችሁ አይደለም።

ስለዚህ አሁን የምንጠቀመው የዱቄት ክሎሪን፣ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለውን ነው። ስታቢላይዘር የለውም። ካልሲየም ይጨምራልና በውሃው ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን እንከታተላለን፤ ፒኤቹም፣ ማለትም የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.8 መካከል መቆየት አለበት። ኪኒኑ ፒኤቹን ወደ ታች ይጎትት ነበር፣ ዱቄቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ኪኒኑ ግን አንድ ጊዜ ተቀምጦ ቀናት ይቆይ ነበር፤ ዱቄቱ እንደዚያ አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የምንመጣው ለዚህ ነው፤ ለዕረፍት ሰበብ ፍለጋ ቢሆን ኖሮ በወር አንድ ጊዜ እንል ነበር። በመካከሉ ላሉት ቀናት እየመዘንን በትንንሽ ዕቃ የምንተወውን ዘበኛው ወይም አትክልተኛው ጀምበር ስትጠልቅ ይጨምረዋል፤ ቀን ከተጨመረ ፀሐይ ትበላዋለች። ለ50 ሜትር ኩብ ገንዳ 3 ሚሊ ግራም ከፍ ለማድረግ 65 በመቶ ከሆነው ዱቄት ወደ 230 ግራም ይበቃል። ባልዲ ውሃ ተሞልቶ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በዱቄት ላይ አይፈስም። ይህን ለሠራተኞቻችሁ እኛው እናሳያቸዋለን።

በረኪናስ? ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ክሎሪኑ ያው ክሎሪን ነው፣ ስታቢላይዘርም የለውም። ነገር ግን 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ለዚያው ገንዳ 3 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ አልቋል። ለአንድ ቀን ይረዳል። ለዘለቄታው አልመክርም።

የዋጋው ነገር። ኬሚካሉ ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በእናንተ ክፍያ ላይ አልጨመርንም፤ ቁጠባችንን እየበላን ቆየን እንጂ። ነዳጁም፣ የሠራተኛው ደመወዝም አልቆመም፤ አብረውኝ የሚዞሩት ልጆች የቤት ኪራይ ከፋይ ናቸው። አሁን የጨመርነው የሁለተኛውን ጉብኝትና የኬሚካሉን ልዩነት ነው። ከዚያ ያለፈ ትርፍ ለማግኘት ብፈልግ ኪኒኑን እያስቀመጥኩ በሳምንት አንዴ ብቅ ማለት ለእኔ ይሻለኝ ነበር፤ ቀላሉም እሱ ነበር። አንዳንድ ቦታ ዛሬም የሚሠራው እንደዚያ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዋጋቸው ከእኛ እንደሚያንስም አውቃለሁ።

ይህን ሥራ የተማርኩት በአንድ ሆቴል ገንዳ ጠባቂ ሆኜ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ የጠራን ውሃ አያምኑም ነበር፤ ሳይለኩ ማንንም ሰው አያስገቡም፣ እንግዳው ቢቆጣም። ከዚያ ወጥቼ በአንድ መረብ፣ በአንድ ብሩሽና በተከራየሁት አሮጌ መኪና ስጀምር በር የከፈታችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ክፍያ አስቀድማችሁ የሰጣችሁኝ፣ ለጎረቤት የነገራችሁልኝ፣ በኮቪድ ጊዜ ግቢ መግባት ሲከለከል እንኳን ደመወዝ ያላቋረጣችሁብን አላችሁ። ያ አልተረሳም። የምለምናችሁም በዚያው ልክ ነው፤ ተቆጡኝ፣ ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቱቦውን ይዤ ልምጣና ነጥቡን አብረን እንየው። ልኬቱ በነፃ ነው፣ ውል ላቋረጣችሁትም ጭምር።

ውሃ መቀየሩን በተመለከተ ማንንም ነገ ቦቴ ጥራ አላልኩም። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 2,000 ሊትር ውሃ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እንዲህ ያለ ዝናብ ብርቅ አይደለም። ከገንዳው ሲሶውን አፍስሰን አሸንዳውን ወደ ገንዳው ብናዞረው 120 የነበረው ስታቢላይዘር ወደ 80 ይወርዳል፤ ከሞላ በኋላ ሲሶውን አንድ ጊዜ ስንደግመው ወደ 53 ይጠጋል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ እንዲያጥቡ ወደ ውጭ እንተዋቸዋለን። የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም፣ ግድግዳውን እንዳይበላ እኛ እናስተካክለዋለን። የሚፈሰው ውሃ ክሎሪኑ በፀሐይ እስኪጠፋ ጥቂት ቀን ከቆየ ለግቢ ማጠቢያ ይሆናል። ከ100 በታች ለሆናችሁ ደግሞ ይህም አያስፈልግም፤ ኪኒኑ ከቆመ ዝናቡ ራሱ እያትረፈረፈ ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር አደራ፣ በክረምት ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ባዶ አታድርጉት። ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ያላችሁ አፈራችሁ መረሬ ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ባዶውን ገንዳ ወደ ላይ ይገፋል። ወለሉ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ወጪ ከብዙ ዓመት የእኛ ክፍያ ይበልጣል። ሲሶ ስል ሲሶ ነው።

በየቤታችሁ የተረፈውን ኪኒን ከሰኞ ጀምሮ ሠራተኞቻችን ይሰበስባሉ፤ ገንዘቡ ከሰኔ ክፍያችሁ ይቀነሳል። እስከዚያ ድረስ ኪኒኑና አዲሱ ዱቄት በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ማንኪያ፣ በአንድ ተንሳፋፊ ዕቃ ውስጥ እንዳይገናኙ እባካችሁ ለዘበኞቻችሁ ንገሩ። ሁለቱም ክሎሪን ስለሆኑ የሚስማሙ ይመስላል፤ ሲቀላቀሉ ግን፣ በተለይ ትንሽ እርጥበት ካገኛቸው፣ በእሳት ይያያዛሉ፣ ይፈነዳሉም። ስታቢላይዘሩ ይቆየን፣ ይህቺን ግን ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት